በሕዝብ ሀብት የተገኘ ዕውቀት ለሕዝብ ይመለስ!

ዕውቀት የብዙኃን ድካም ውጤት ነው። ርብና ጉማራ በየክረምቱ በሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ሩዝ ሥር የሰደደው በጥቂት ሊቃውንት ብልሃት ብቻ አይደለም፤ በደርግ ዘመን የገባውን እንግዳ ሰብል ውኃ በተኛበት ማሳው ላይ እየሞከረ ለዛሬ ያደረሰው አራሹ ገበሬ ነው። ተመራማሪዎችም ማሳውን እየለኩ፣ ምርቱን እየመዘኑ፣ ገበሬውን እየጠየቁ የጥናትና የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ።

ይሁንና ጽሑፉ የት ይደርሳል? አንዱ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል፤ ሌላው በውጭ አገር መጽሔት ታትሞ ለማንበብ የውጭ ምንዛሪ ይጠየቅበታል። ጥያቄውን የመለሰው የሐሙሲትና የወረታ ገበሬ፣ ወጪውን በግብሩ የሸፈነው ሠራተኛ፣ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጃቸው ሳይቀር ከደጅ ይቀራሉ። ይህ ሊታረም የሚገባው ቅራኔ ነው።

ለዚህ ሁኔታ የቅጅ መብትን ምክንያት የሚያደርጉ አሉ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ሲያስከብር፣ ለማስተማርና ለቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በሩን ክፍት ትቷል። ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ለጥናት ለሚጠይቅ አንባቢ የታተመ መጣጥፍን ወይም ከመጽሐፍ አጭር ክፍልን ማባዛት ይችላል።

ይህ ማለት ግን ሙሉ መጽሐፍ እያባዙ መቸብቸብ ወይም በቴሌግራም መበተን ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ደራሲም ሠራተኛ ነው፤ የላቡን ዋጋ የሚነጥቀው ነጋዴ የተማሪ ወዳጅ ሊባል አይችልም። ሕጉ የፈቀደውን አገልግሎት በፍርሃት ወይም በስንፍና የሚነፍግ ቤተ መጻሕፍትም ከወቀሳ አያመልጥም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታላላቅ አሳታሚዎች በአንድ የዩኒቨርሲቲ ፎቶ ኮፒ ቤት ላይ ባቀረቡት ክስ፣ ለትምህርት የሚያስፈልጉ ክፍሎችን ማባዛት የሕንድ ሕግ የሚፈቅደው መሆኑን አረጋግጧል። ሕጉ የሕንድ ቢሆንም ትምህርቱ የሁላችን ነው፤ መብት በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻ አይበቃም፣ የሚሠራበት ያሻዋል።

በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተካሄደ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። የኮምፒዩተር ብዛት ብቻውን የተቆለፈን ጽሑፍ አይከፍትም። ስለዚህም ዩኒቨርሲቲዎች ጥናቶቻቸውን ኢንተርኔት ሲቋረጥም በግቢያቸው እንዲነበቡ አድርገው ያከማቹ፤ የያንዳንዱን ጥናት ፍሬ ነገር በአማርኛ አሳጥረው ጥናቱ ወደተካሄደበት ቀበሌ ይላኩ።

የሰፈር ማኅበራት አባላትና ሠራተኞችም ዝም ብለን መጠበቅ የለብንም። አጥኚ መጠይቅ ይዞ ወደ ደጃችን ሲመጣ በቅን ልብ እንመልስለት፤ ውጤቱን መቼና በምን ቋንቋ እንደሚመልስልን ግን አስቀድመን እንጠይቀው። የሰጠነውን መልሶ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ መብት ነው!