መጫወቻውን ሳይሰጡ ስሙን ማስጠናት

በኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች መካከል የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ «ፓይተን ይበልጣል» ሲል ሌላው «ሲን ያልተማረ ምንም አልተማረ» ብሎ ይመልሳል። የአርት ፋኩልቲ ተማሪ በዚህ ነገር ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ የክርክሩ ሥር ቋንቋና ትምህርት ስለ ሆነ እኛንም ይመለከተናል ብዬ አስተያየቴን አቀርባለሁ።

የፕሮግራም ቋንቋ ማለት ትንሹን ከትንሹ ጋራ አጋጥሞ ትልቅ ነገር መሥሪያ ነው። እንግዲህ የቅርብ ዘመዱ ልጆች እየገጣጠሙ የሚጫወቱበት መጫወቻ ነው። መጫወቻዎችም እንደ ቋንቋዎች ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1901 ያስመዘገበውና ኋላ መካኖ የተባለው መጫወቻ የተበሳሳ ብረትና ብሎን ነው። ብሎኑን ሁሉ ራስህ ታጠብቃለህ፤ አንዱን ከረሳህ ድልድዩ ይወድቅብሃል። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ሲ የዚህ ወንድም ነው። የዴንማርኩ ሌጎ ግን ዛሬ በምናውቀው መልክ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲመዘገብ ጡቡ ያለ ብሎን ከጡብ ጋራ እንዲያያዝ ሆኖ ነው። ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው ስድስት ጡቦች ብቻ ከ915 ሚሊዮን በሚበልጥ መንገድ ይገጣጠማሉ። ሌሎች ያዘጋጁትን ክፍል አምጥቶ መግጠም የሚቀልበት ፓይተን ወደዚህኛው ያደላል።

ሦስተኛውን ዓይነት ለማየት ግን ሱቅ መግባት አያስፈልግም፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌ መድረስ ይበቃል። እንጨት ጭኖ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲመላለስ የኖረው ታንኳ የተሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ለብቻው ሣር ነው፤ ነዶው ከነዶ ጋራ ሲታሰር ግን ሰውና ሸክም ይችላል። ጥበቡ ያለው በእስሩ ላይ ነው። የገዳማቱን ሥዕል ለማየት ለሚመጣ እንግዳ የሚሸጠው ትንሽ ታንኳም የሚያዘው በዚያው ጥበብ ነው። ትንሹን ያሰረ ልጅ ትልቁ እንዴት እንደሚቆም ያውቃል።

ስለዚህ «ማንኛው ቋንቋ ይበልጣል?» ከማለት «ማያያዣው ምንድን ነው?» ማለት ይሻላል። መካኖ በብሎን፣ ሌጎ በጉብታ፣ ደንገል በእስር ይያያዛል። ፕሮግራም ደግሞ «ይህ ከሆነ ያን አድርግ»፣ «ይህን ደጋግም»፣ «ለዚህ ሥራ ስም ስጥና ሌላ ቦታ ጥራው» በሚሉት ይያያዛል። እነዚህን ጨብጦ አንድ ነገር የሠራ ሰው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገር አያቅተውም።

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን ቋንቋ ለልጆች ሠሩ፤ ልጁ ኤሊዪቱን «ወደ ፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ» እያለ ቤትና ኮከብ ያስስላታል። የሌጎ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1998 በፕሮግራም የሚንቀሳቀስ መጫወቻ ሲያወጣ በፓፐርት መጽሐፍ ስም «ማይንድስቶርምስ» ብሎ ጠራው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ስክራች ትእዛዞቹን እንደ ጡብ የሚገጠሙ አድርጎ ያቀርባል፤ ዛሬ በአማርኛም ይሠራል።

«ችግሩ ቋንቋዎቹ እንግሊዝኛ መሆናቸው ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን እውነቱ ግማሽ ነው እላለሁ። ፓይተን ለራሱ የያዛቸው ቃላት 35 ብቻ ናቸው። የእኛ ልጅ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት እያበዛ 231 ቅርጾችን ይለያል። ይህን የቻለ ልጅ በ35 ቃላት አይሸነፍም። የሚያሸንፈው ማብራሪያው በማይገባው ቋንቋ መምጣቱና እጁ ምንም ሳይነካ ለፈተና መጠራቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ራሳችን የሚመለሰው። ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚያስተምረው ኮርስ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ተሰጥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ የማስተማር ዕቅድ ተጀመረ። ሁለቱም በጎ ሐሳብ ናቸው። ነገር ግን የቋንቋዎችን ስምና ዓመት አጥንቶ ማለፍ፣ ወይም የምስክር ወረቀት አትሞ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ የሌጎን ሥዕል ለልጅ አሳይቶ ሣጥኑን እንደ መቆለፍ ነው። የጎጃም የቅኔ ቤት ከዚህ ይሻላል። እዚያ ተማሪው ስለ ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይቀርም፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል፣ በመምህሩ ፊት ያሰማል፣ ይታረማል፣ በነጋታው ሌላ ይዞ ይመጣል። ጉባኤ ቃና ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ቅኔ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በኮርሱ ፈተና ፋንታ፣ ቢያንስ በግማሹ፣ ትንሽም ቢሆን የሚሠራ ፕሮግራም ሠርቶ ያሳይ፤ ይህንንም ማኅበራችን ለሚመለከታቸው ያቅርብልን። ሁለተኛ፣ በክረምት ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የምንሰማራ ሁሉ ጥቂት ላፕቶፖች ይዘን ዘጌን በመሰሉ ቦታዎች ልጆችን በአማርኛው ስክራች እናጫውት። እነርሱ ማሰር ያውቃሉ፤ የጎደላቸው የሚያስሩት ነው።