የመድን ውል በታደሰ ቍጥር ዋጋውን መመርመር ይገባል

አንድ ቤተሰብ በዓመት ውስጥ የሚያወጣው ገንዘብ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከገበያ ቆመን፥ አይተን፥ ጠይቀንና ተከራክረን የምናወጣው ነው፤ ይኸውም ጤፍ፥ በርበሬ፥ ልብስና የልጆች ደብተር የሚገዛበት ነው። ሁለተኛው ግን አንድ ጊዜ ተዋውለን ካበቃን በኋላ ዘመኑ በተመለሰ ቍጥር ሳይጠየቅና ሳይመረመር እየተደገመ የሚወጣው ነው። በፊተኛው ስለ ዐሥር ብር ሩብ ሰዓት የምንከራከር ሰዎች፥ በኋለኛው ብዙ ሺህ ብር ያለ አንድ ቃል እንከፍላለን። በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ወጪ፥ ይልቁንም ብዙ ሰው ኢንሹራንስ እያለ ስለሚጠራው ስለ መኪናና ስለ ቤት መድን ነው።

መድን ማለት ብዙዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ከመካከላቸው ጉዳት የደረሰበትን የሚያነሡበት ሥርዓት ነው። አሳቡ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዕድርም የተመሠረተው በዚሁ አሳብ ነው። ልዩነታቸው ግን መዘንጋት የለበትም። ዕድር አባላቱ ራሳቸው ያቆሙት ማኅበር ሲሆን፥ የመድን ኩባንያ ዋስትናን የሚሸጥ ነጋዴ ነው። በዕድር ዘንድ አዲስ ገቢ መመዝገቢያ ይከፍላል፤ ነባሩ ግን ወርኀዊ መዋጮውን ከሌላው ጋራ እኩል እየከፈለ በማኅበሩ መካከል ተከብሮ ይኖራል። በገበያም ቢሆን ለቆየ ደንበኛ ምርቃት ይጨመርለታል እንጂ ዋጋ አይጨመርበትም። ስለዚህ «ከአንድ ድርጅት ጋራ ዐሥር ዓመት ከቆየሁ ያከብሩኛል፥ ይቀንሱልኛልም» ብሎ ማመን ከአስተዳደጋችን የመጣ እንጂ ሞኝነት አይደለም። ሆኖም ይህ እምነት በመድን ገበያ እንዴት ተገልብጦ እንደ ነበረ ለማስረዳት የእንግሊዝ አገርን ነገር ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

የመድን ውል ብዙውን ጊዜ የሚጸናው ለአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ኩባንያው ለሚመጣው ዓመት የሚጠይቀውን አረቦን፥ ማለት የዋስትናውን ዋጋ፥ አስታውቆ ውሉ ይታደሳል። በእንግሊዝ አገር ብዙ ኩባንያዎች አዲስ ደንበኛ ለመሳብ ሲሉ በመጀመሪያው ዓመት ዝቅተኛ ዋጋ ያቀርቡ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ዋጋው ከወጪያቸው ያነሰ ነበር። ውሉ በታደሰ ቍጥር ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩበታል። ጭማሪው የመጣው መኪናው ስለ ተጋጨ ወይም ቤቱ ስለ ተቃጠለ አልነበረም፤ ደንበኛው ዋጋ እንደማይጠይቅና ወደ ሌላ እንደማይሄድ ስለ ታወቀ ነበር እንጂ። የዓመቱ ጭማሪ ትንሽ ስለ ሆነ ለጊዜው አይቈረቍርም። ዓመታት ሲደራረቡ ግን በአንድ መንገድ ላይ፥ በአንድ ዓይነት ቤት የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች ለተመሳሳይ ዋስትና እጅግ የተራራቀ ዋጋ ይከፍላሉ። ብዙ የሚከፍለውም የቆየው፥ የታመነውና ዝም ያለው ነበር።

ይህ ነገር በአደባባይ የወጣው ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው የሕዝብ ምክር ሰጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ለንግድ ውድድር ባለሥልጣን አቤቱታ ባቀረበ ጊዜ ነው። ድርጅቱ በቤት መድን፥ በሞባይል ስልክ፥ በኢንተርኔት፥ በቤት ብድርና በባንክ ቁጠባ ነባር ደንበኞች በዓመት 4.1 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ያለ አግባብ እንደሚከፍሉ አስረዳ፤ ነገሩንም «የታማኝነት ቅጣት» ብሎ ጠራው። የገንዘብ ተቋማትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ደግሞ የመኪናንና የቤትን መድን ለብቻው መረመረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባም 6 ሚሊዮን መድን ገቢዎች በ2018 እጅግ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍሉ እንደ ነበረ ገለጸ። እነዚሁ ሰዎች ለእውነተኛ ሥጋታቸው የሚገባውን መካከለኛ ዋጋ ብቻ ቢከፍሉ ኖሮ 1.2 ቢሊዮን ፓውንድ በኪሳቸው በቀረ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው፥ ከፍተኛውን ዋጋ ከሚከፍሉት ሦስት ሰዎች አንዱ በገንዘብ አቅም ማነስ ወይም በሌላ ችግር ለጉዳት የተጋለጠ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ከዚህ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ደንብ አወጣ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኪና ወይም የቤት መድኑን የሚያድስ ነባር ደንበኛ፥ በእርሱ ሁኔታ ያለና በዚያው መንገድ የመጣ አዲስ ደንበኛ ከሚጠየቀው ዋጋ በላይ እንዳይጠየቅ ተከለከለ። በአሜሪካም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሜሪላንድ ግዛት የመድን ተቈጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመሳሳይ አሠራርን፥ ይኸውም ዋጋን በሥጋቱ መጠን ሳይሆን ደንበኛው ጭማሪውን ችሎ ዝም ይላል በማለት መተመንን፥ ከልክሏል። ከዚያም ሌሎች ግዛቶች ተከትለዋል።

እንግዲህ ሕግ ከወጣ ነገሩ አብቅቷል ይባላልን? አይባልም። የእንግሊዙ ደንብ በአንድ ኩባንያ ውስጥ ነባሩን ከአዲሱ ጋራ ያስተካክላል እንጂ አንዱን ኩባንያ ከሌላው ጋራ አያስተካክልም። እያንዳንዱ ኩባንያ የአሽከርካሪውን ዕድሜ፥ የመኪናውን ዓይነት፥ የሚቆምበትን ሰፈርና የቀድሞውን አደጋ በገዛ ስሌቱ ይመዝናል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ለዚያው ዋስትና የሚጠየቀው ዋጋ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ባለፈው ዓመት ርካሽ የነበረውም በዚህ ዓመት ውድ ሊሆን ይችላል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል የአገራችን ሰው፤ ውል በሚታደስበት ቀን ግን ዝምታ እንደ እሺታ ይቈጠራል።

እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ምን ያድርግ ቢባል፥ የሚከተሉትን ነገሮች በየዓመቱ እንዲፈጽም እንመክራለን።

አንደኛ፥ የማደሻው ደብዳቤ ወይም መልእክት ሲደርስ ሳይጣል ይነበብ። በእንግሊዝ አገር ከኤፕሪል 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያው ያለፈውን ዓመት ዋጋ ከአዲሱ አጠገብ እንዲጽፍ ግዴታ አለበት። በሌላ አገር የሚኖር ሰው ግን ይህን ሥራ በራሱ መሥራት ይገባዋል፤ ለዚህም በአንድ ደብተር ላይ ዓመቱን፥ የተከፈለውን ገንዘብና ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን መጻፍ ይበቃል።

ሁለተኛ፥ ዋስትናው ከማብቃቱ ሦስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ከሁለትና ከሦስት ሌሎች ኩባንያዎች ዋጋ ይጠየቅ። በመጨረሻው ቀን የሚጠይቅ ሰው ለመምረጥ ጊዜ የለውም፤ የቀረበለትን ይቀበላል። የተገኘውንም ዋጋ ይዞ የቀድሞውን ኩባንያ ማነጋገር መልካም ነው። «እገሌ ለዚሁ ዋስትና ይህን ያህል ጠይቋል፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ብዙ ጊዜም ዋጋ ያስቀንሳል።

ሦስተኛ፥ እኩል ከእኩል ጋራ ይመዛዘን። ርካሽ የመሰለው ውል አደጋ ሲደርስ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመውን ድርሻ ከፍ አድርጎት፥ ወይም ስርቆትን፥ የመስተዋት ስብራትንና ሌላ ሰው ሲነዳ የሚደርሰውን ጉዳት አስቀርቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቅናሽ አይደለም፤ ከዕቃው ቈርሶ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ነው። አረቦኑን በየወሩ ከፋፍሎ መክፈልም ብዙ ጊዜ ወለድ ስላለበት፥ አቅም ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ቢከፍል ይሻለዋል።

አራተኛ፥ ዋጋ ለማስቀነስ ተብሎ እውነት አይደበቅ። መኪናውን በእውነት የሚነዳው ልጅ ሆኖ ሳለ በአባት ስም ማስመዝገብ፥ ወይም ለኪራይ የሚሠራውን የቤት መኪና ነው ማለት፥ ለጊዜው አረቦኑን ይቀንሳል። አደጋ በደረሰ ቀን ግን ኩባንያው ካሳውን ለመከልከል ምክንያት ያገኛል፤ በዚያን ጊዜ ሐሰቱ ከጠቅላላው አረቦን ይልቅ ውድ ይሆናል።

አምስተኛ፥ ኩባንያ የሚለውጥ ሰው በአሮጌውና በአዲሱ ውል መካከል አንዲት ቀን እንኳ ክፍት አይተው። ያለ አደጋ ለቆየበት ዘመን የተገኘ ቅናሽ ካለውም ማስረጃውን ከቀድሞው ኩባንያ በጽሑፍ ይቀበል፤ ይህ ቅናሽ ብዙ ጊዜ ወደ አዲሱ ኩባንያ አብሮ ይሄዳልና። ውሉ ራሱን በራሱ የሚያድስና ገንዘቡ ከባንክ ወዲያው የሚቈረጥ እንደ ሆነም አስቀድሞ ማስቆም ይገባል፤ ያለዚያ ለአንድ መኪና ሁለት አረቦን ይከፈላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1967 ዓ.ም. የመድን ኩባንያዎች ከተወረሱ በኋላ፥ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ይሠራ ስለ ነበረ፥ ዋጋ ማወዳደር ትርጉም አልነበረውም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ኩባንያዎች ከተፈቀዱ ወዲህ ግን ብዙ መድን ሰጪዎች ተቋቁመዋል። ልማዳችን ግን ገና የቀድሞው ነው፤ ብዙ ባለመኪና መጀመሪያ ወደ ገባበት ቢሮ በየዓመቱ ከመመለስ በቀር ሌላውን በር አያንኳኳም። በአዋጅ ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን መተው አይቻልም፤ ለራሱ ለመኪናው የሚገባውን ሙሉ ዋስትና ግን ጠይቆና አወዳድሮ መግዛት ይቻላል።

ከዚህም ጋራ በአገራችን ከዋጋው ይልቅ መመርመር የሚያሻው ሌላ ቍጥር አለ፤ ይኸውም በውሉ ላይ የተጻፈው የንብረቱ ግምት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተፈቀደ በኋላ፥ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ አገር የሚመጣ መኪናና መለዋወጫም አብሮ ተወደደ። የቀድሞውን ግምት ሳይለውጥ የሚያድስ ሰው አረቦኑ ስላልጨመረ ተጠቀምሁ ይላል፤ ሆኖም በምሳሌ እንመልከተው። ዛሬ 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በውሉ ላይ 1,000,000 ብር ተብሎ ቢጻፍ፥ ኩባንያው የግማሹ ዋስ ብቻ ነው ማለት ነው። ውሉ የተመጣጣኝ ክፍያን ደንብ የያዘ እንደ ሆነ፥ 300,000 ብር የሚያስወጣ ግጭት ቢደርስ 150,000 ብር ብቻ ይከፈላል፤ የቀረውን ባለቤቱ ከኪሱ ይሞላል።

ግምትን ከልክ በላይ ማስጻፍም እንዲሁ ብክነት ነው፤ መድን የጠፋውን ይተካል እንጂ ትርፍ አይሰጥም። ቤትን በሚሸጥበት ዋጋ ለመድን የሚያስገምት ሰው የቦታውንም ዋጋ እየጨመረ አረቦን ይከፍላል፤ እሳት ግን ቤትን እንጂ መሬትን አያቃጥልም። ለቤት መድን የሚያስፈልገው ግምት ቤቱን እንደ ገና ለመሥራት የሚያስወጣው ገንዘብ ነው።

ምናልባት አንዳንዱ አንባቢ «ለዚህ ሁሉ ጊዜ የት ይገኛል?» ይል ይሆናል። ሥራው በዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢወስድ ነው። ይልቁንም ልናስብበት የሚገባው ጊዜው ወይም ዐቅሙ ስለሌላቸው ሰዎች ነው። ከላይ እንደ ተመለከትነው ከመጠን በላይ ከከፈሉት መካከል ብዙዎቹ ችግር ያለባቸው ናቸው። በየቤተሰባችን የተጻፈውን በደቂቅ ፊደል ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን፥ በባዕድ ቋንቋ የመጣ ደብዳቤ በመሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ እናቶችና አባቶች አሉ። በለንደን ወይም በሜሪላንድ ከወላጆቹ ጋራ የሚኖር፥ ቋንቋውንና ኮምፒዩተሩን የሚያውቅ ልጅ በዓመት አንድ ቀን ከእነርሱ ጋራ ተቀምጦ የመድን ወረቀታቸውን ቢመረምርላቸው፥ እናትና አባቱን በሚታይ ነገር ረዳቸው ማለት ነው።

ታማኝነት የከበረ ነገር ነው፤ የሚገባውም ለሰውና ለቃል ኪዳን ነው። የአንድ ዓመት ውል የገባ ሰው ቃሉን የጠበቀው አረቦኑን ከፍሎ ውሉን አክብሮ ዓመቱን ሲፈጽም ነው። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ዋጋ መጠየቅ፥ ማመዛዘንና የሚሻለውን መምረጥ ክዳት አይደለም፤ የቤተሰብን ገንዘብ የሚያስተዳድር ሰው ሥራው ነው። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ የመድን ወረቀታቸውን ከተቀመጠበት አውጥተው ሦስት ነገር ይመልከቱ፤ የሚያበቃበትን ቀን፥ ያለፈው ዓመት የተከፈለውን አረቦንና በውሉ የተጻፈውን ግምት። እነዚህን ሦስቱን የጻፈ ሰው ለሚመጣው እድሳት ግማሹን ሥራ ጨርሷል።