ፍቺው በወራት፣ ክፍፍሉ በዓመታት

በአዲስ አበባ ሰማንያ ለመቅደድ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ተስማምተው፣ ወይም አንዳቸው ብቻቸውን፣ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክቱ ይፈቅዳል። ጥፋተኛውን ለይቶ ማስረዳት ለፍቺ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አቤቱታውን ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊም ይጽፈዋል። ዳኛው ባለጉዳዮቹን ያነጋግራሉ፣ ለማስታረቅ ይሞክራሉ፤ ካልሆነላቸው ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሰጥተው ያሰናብታሉ። ሐሳባቸው ካልተለወጠ ጋብቻው ይፈርሳል።

መከራው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ቤቱ የማን ነው? የባንኩን ዕዳ ማን ይከፍላል? ልጆቹ ከማን ጋር ያድራሉ? በወራት የተቋጨ ፍቺ በንብረት ክርክር ዓመታት የሚፈጀው እነዚህ ጥያቄዎች ቀድመው ስላልታሰቡ ነው። ሰው ጠበቃ ፍለጋ የሚወጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው፤ ወረቀቱ ከተፈረመ፣ ንብረቱም እጅ ከቀየረ በኋላ።

መዘግየቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ነበሩ። ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር፤ ከባድ ምክንያት ሳይኖረው ፍቺ የጠየቀ ወገንም በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በጋብቻቸው ዘመንም፣ ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም የቤተሰብ ሕጉ ከዚህ ጋር እንዲጣጣም አጥብቆ ወተወተ። ከመሥራቾቹ አንዷ የነበሩት መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሰዋል። አዲሱ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ለሽማግሌዎች የተረፈላቸው ማስታረቅ ነው፤ እሱም ቀላል ሥራ አይደለም።

ሕጉ ይህን ይበል እንጂ ልማዱ ገና አልሞተም። ዛሬም ብዙ ቤተሰብ ሳሎን ተሰብስቦ ንብረቱን ይደለድልና፣ ባልና ሚስቱን አስፈርሞ "አጽድቁልን" ይላል። ዳኛው ስምምነቱ በነፃ ፈቃድ የተደረገ መሆኑን፣ ከሕግና ከሞራል አለመቃረኑን ይመረምራሉ፤ የልጆቹን ወይም የአንደኛውን ወገን ጥቅም በበቂ ሁኔታ ካልጠበቀም ፍቺውን ብቻ አጽድቀው ሌላውን የማቃናት ሥልጣን አላቸው። ሆኖም ዳኛ የሚያየው የቀረበለትን ወረቀት ነው። "ቤቱ ለልጆቹ ይሁን" የሚለውን በየስምምነቱ የሚገባ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ሲሰሙት ደግ ነው። ግን ካርታው በማን ስም ይዞራል? እስከዚያ ኪራዩን ማን ይቀበላል? አንደኛው ሌላ ትዳር መሥርቶ እዚያው ልኑር ቢልስ? የሽምግልና ጨዋነት እነዚህን ለመጠየቅ ያፍራል። ጠበቃ የሚከፈለው ደግሞ ሳያፍር እንዲጠይቅ ነው።

ኮንዶሚኒየም ከሁሉ የከፋ ነው። አንዲት ሴት በ1997 ዓ.ም. ተመዘገበች እንበል። ከዓመታት በኋላ አገባች፤ ዕጣው የወጣላት ባለትዳር ሆና ነው፤ የባንኩንም ብድር የከፈለችው ከደመወዟ ነው። እሷ "በስሜ ነው፤ የተመዘገብኩትም ሳላገባ ነው" ትላለች። እሱ ደግሞ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ነው ይላል። ሕጉ ከእሱ ሙግት የሚጠጋበት ቦታ አለው፤ በጋብቻ ዘመን የሚገኝ የሁለቱም ገቢ፣ ደመወዝም ቢሆን፣ የጋራ ነው። ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው "የግሌ ነው" ባዩ ላይ ነው። ሥዕሉን ገልብጠን ባል የተመዘገበበትን ቤት ብናስብም መልሱ ያው ነው። ስለዚህ ጥሩ ጠበቃ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ስለ ጸቡ ሳይሆን ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ውልና ስለ ባንክ መግለጫ ነው። ለዕርቅ የማይመች ጸብ ያለበት ቤት ውስጥ እነዚህ ወረቀቶች ቶሎ ይጠፋሉ።

ጊዜም ገደብ አለው። ባል ወይም ሚስት የጋራ ቤትን ሌላው ሳይስማማ ሸጠው ከተገኙ፣ ያልተስማማው ወገን ውሉን ማፍረስ የሚችለው ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። "ሽማግሌ ይዘነዋል" እየተባለ ስድስት ወር ሲያልፍ አይታወቅም። (ይኸው ሕግ ከ500 ብር በላይ መበደርም ሆነ ማበደር የሁለቱን ስምምነት እንደሚጠይቅ ስንቱ ባለትዳር ያውቃል? በ1992 ዓ.ም. የምታስፈራ ገንዘብ ነበረች፤ ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ መግዛቷም ያጠራጥራል። አሃዙ ግን እንዳለ ነው።)

ሌላው የሚዘነጋው ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ መስጠት አለበት። ሕጋችን ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ወርኃዊ ድጎማ ስለማያውቅ፣ ዕድሜዋን በቤት ሥራ ያሳለፈች ሴት እጅ የሚገባው በዋናነት የንብረት ድርሻዋ ነው። እሱም የሚመጣው ክርክሩ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ምን ትበላለች? ጥያቄው በአቤቱታው ላይ በግልጽ ካልሰፈረ በመዝገብ ክምር መሃል ተረስቶ ሊቀር ይችላል። ለልጅ የሚቆረጠው ቀለብም ሰንጠረዥ የለውም፤ የሚለካው በተቀባዩ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። የአባትን ትክክለኛ ገቢ በማስረጃ ያላቀረበ ወገን፣ አባት በገዛ አፉ በተናገረው መጠን ሊፈረድለት ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ጠበቆችን ለማሞገስ አይደለም። ከሚገኘው የንብረት ድርሻ በመቶኛ የሚታሰብ ክፍያ የተዋዋለ ጠበቃ፣ ባለጉዳዮቹ ቡና ጠጥተው ቢስማሙ ምን ይጠቀማል? ለቀለብና ለልጅ አያያዝ ጉዳይ እንዲህ ያለ ውል ባይኖር የተሻለ ነው ይላል ይህ ጸሐፊ፤ ቁርጥ ያለ ዋጋ ይበቃል። ፈቃድ ሳይኖረው በፍርድ ቤት አካባቢ "እጨርስልሃለሁ" እያለ የሚዞረው ጉዳይ ገዳይ ደግሞ ከመጥፎ ጠበቃም ይብሳል። መክፈል ለማይችል በደሃ ደንብ ክስ መመሥረት ይቻላል፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አሉ። የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብም ገና በ1992 ዓ.ም. እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር። ከእነዚያ ሰዓታት ጥቂቱ እንኳ ለፍቺ ስምምነት ንባብ ቢውል ስንት ክርክር ይቀር ነበር።

በውጭ የሚኖሩት ጉዳይ ሌላ ቋጠሮ አለው። በቨርጂኒያ የሚኖሩ ባልና ሚስት አንድ ዓመት ተለያይተው ኖረው፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌላቸውና የጽሑፍ ስምምነት ካላቸው ደግሞ በስድስት ወር፣ እዚያው ይፋታሉ። አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ ሰፈር ያለው ቤታቸው ግን በዚያ ፍርድ ብቻ ስሙ አይዞርም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም ከሚጠይቃቸው ነጥቦች አንዱ፣ የፈረደው አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ ነው። ሳይፋቱ ለዓመታት ተለያይተው የኖሩትም ይከራከራሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እንዲህ ባለ ጉዳይ፣ የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው በተግባር ፈርሷል ብሎ ያውቃል፤ ሕጉ ያልጻፈውን መንገድ ከፈተ ብለው የተቹት የሕግ ምሁራንም አሉ። ጋብቻው መቼ ፈረሰ የሚለው ቀን የማን ንብረት የማን እንደሆነ ስለሚወስን ክርክሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

በዚህ መሃል በፍቅር ዘመን በኤምባሲ በኩል የተላከው ሙሉ ውክልና አዲስ አበባ ውስጥ አሁንም ይሠራል፤ ሥልጣኑ በግልጽ ከተጻፈበት፣ ሰጪው በጽሑፍ እስኪሽረው ድረስ ቤት ሊሸጥበት፣ ከባንክም ሊበደርበት ይችላል። ከሩቅ አገር የሚደውል ደንበኛ ያለው ጠበቃ ከክሱ በፊት የሚጠይቀው ስለዚህ ወረቀት ነው።