ስክሪኑ ዳገት አይወጣም

በቅርቡ አንድ ወዳጄ መኪና ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። በየዓመቱ ልጆቹን ጭኖ ጎጃም እናቱን ሊጠይቅ የሚወርድ ሰው ነውና የፈለገው ጠጠርና ጭቃ የሚደፍር፣ ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ሻጩ ወጣት ስክሪኑን አሽከረከረ፤ የመስታወት ጣሪያውን ከፈተ፤ መብራቱን በየቀለሙ አፈራረቀ።

«ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» አልኩት።

«500 ጋሼ!»

«በምን መለኪያ?»

ዝም አለ።

ለመሆኑ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነውር ነው? ቢዋይዲ በቻይና «ዩዋን ፕላስ»፣ በአውሮፓ «አቶ 3» እያለ የሚሸጠውን መኪና እንውሰድ። በ60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ በቻይናው መለኪያ 510፣ በአውሮፓው 420 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሏል። የባትሪው አቅም ያው ነው፤ 90 ኪሎ ሜትር ግን በሁለት ወረቀቶች መካከል ጠፋ! ለእኛ የሚነገረን ትልቁ ቁጥር ነው።

ያም ቢሆን የዓባይን በረሃ አያውቅም። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ዳገቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ከነሰው ከነጓዙ 2000 ኪሎ የሚመዝን መኪናን 1000 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ብቻውን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ይህ ከላይ ካልነው ባትሪ ከአሥር እጅ አንዱን ሊያህል ምንም አይቀረው። ቁልቁለቱ ከወጪው ከፊሉን ቢመልስ እንጂ ሁሉንም አይመልስም።

ይባስ ብሎ፣ መኪናውን ጀብደኛ የሚያስመስሉት ነገሮች ራሳቸው መንገዱን ይበላሉ። ሰፊው ጎማ ይከብዳል፤ ፖርቶ መጋላው ነፋስ ይገፋል፤ ቁመቱም እንዲሁ። ገዢው ግን ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ በስክሪኑ ተማርኮ ይፈርማል።

የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለሁም። ከመገናኛ ሜክሲኮ ለሚመላለስ ሰው 300 ኪሎ ሜትርም ትርፍ ነው፤ ማታ ቤቱ ሰክቶ ያድራል። ነገር ግን መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ምርጫው የጠበበበት ገዢ ቢያንስ እውነቱ ሊነገረው አይገባም? «ገዢው ራሱ ይጠይቅ» የሚሉኝ አሉ። ጠየቅን እኮ! መልሱ ዝምታ ሆነ።

ስለዚህ እላለሁ፦ በእያንዳንዱ መኪና መስታወት ላይ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ይለጠፍ። የባትሪው መጠን፣ ርቀቱና የተለካበት መንገድ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ መጠባበቂያ ጎማ መኖር አለመኖሩ፣ ሶኬቱም እዚህ ካሉት ቻርጀሮች ጋር መግጠም አለመግጠሙ ይጻፍ። ይህን ማዘዝ የመንግሥት፣ መለጠፍ የነጋዴው ድርሻ ነው።

ገዢ ሆይ፣ አንተም ስሌት አትፍራ። ከአውሮፓው ቁጥር ሲሶውን ለዳገት፣ ለጭነትና ለባትሪ እርጅና ቀንስ። የቀረው ከቤትህ ተነሥተህ ቻርጅ ማድረግ እስከምትችልበት ቀጣይ ከተማ ካላደረሰህ፣ ስክሪኑ የቤት ግድግዳ ቢያህልም ተወው።

ወዳጄ ያን ዕለት ሳይገዛ ተመለሰ። ሻጩ በእኔ ተቀይሟል። እናቱ ግን የስክሪኑን ስፋት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት «መቼ ትደርሳለህ?» ብለው ነው።