ከኮልፌ እስከ ገፈርሳ በብስክሌት

ብስክሌት ለባሕር ዳርና ለአዋሳ ሜዳ እንጂ ለአዲስ አበባ ዳገት አልተፈጠረም የሚሉ ወዳጆች አሉን። እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ልጆች ግን በዚህ ነገር አንስማማም።

እሑድ ማለዳ ከኮልፌ ተነሥተን በዊንጌት በኩል አስኮን አልፈን ወደ ቡራዩ እንወጣለን። ዳገቱ ልብ ያወልቃል፤ አልፎ አልፎ የሚመጣው ቁልቁለት ደግሞ የደከመውን ጉልበት ይክሳል። ከዚያ በኋላ የገፈርሳ ውሃ ብልጭ ይላል። ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ነው። ዕድል የቀናው ሰው ክንፉ ሰማያዊ የሆነውን የአገራችንን ዝይ ከውሃው ዳር ሲግጥ ያየዋል። ከለገዳዲ ቀድሞ ከተማችንን ያጠጣው ይኸው ግድብ ነውና ዋና ያማራችሁ ግን ይቅርባችሁ!

ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በሮም ኦሊምፒክ በብስክሌት ተወዳድሮአል። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሁለቱም የዳገት አገር ልጆች ናቸው።

እኛን የሚያስፈራን ዳገቱ ሳይሆን ክርናችንን ታክኮ የሚያልፈው የጭነት መኪና ነው። አንድ ጓደኛችን ከቦይ ውስጥ ከወደቀ ወዲህ ብስክሌቱን ሰቅሎአታል። በኮሪደር ልማት በታደሱት ጐዳናዎች የብስክሌት መስመር መሠመሩ ደስ ያሰኘናል፤ ነገር ግን መስመሩ ከመሐል ከተማ ወጥቶ እስከ ገፈርሳ ይዝለቅ እንላለን። ቡራዩ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ስለ ሆነ ጉዳዩ የሁለት አስተዳደሮችን ምክክር ይጠይቃል። በየቢሮው ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ከመመካከራችሁ በፊት አንድ እሑድ መኪናችሁን አቁማችሁ ከእኛ ጋራ ውጡ። ብስክሌት ለሌለው እናውሳለን፤ የጓደኛችን እንደ ተሰቀለች ናት።