ሞተሩ ታገደ፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ግን አለ

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚንቀሳቀሱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ የውጭ መገናኛ ብዙኃን አጀብ ብለው ነበር። ባለጸጎቹ አገሮች ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ ለማድረግ የሚያመነቱትን ነገር ኢትዮጵያ በአንድ ጀንበር አደረገችው ተባለ። የውሳኔው ምክንያት ማንንም አይጠፋውም። ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከወንዞቻችን ይመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በራስ ውኃ መንዳት በሰው አገር ዘይት ከመንዳት እንደሚሻል ለማስረዳት ብዙ ቀለም ማባከን አያስፈልግም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ ይህ ውሳኔ ሲተላለፍ፣ በየዩኒቨርሲቲው አውቶሞቲቭ ኢንጂነሪንግ የሚማረውን ወጣት ያስታወሰ ባለሥልጣን ነበርን?

የዚህ ወጣት ኑሮ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የፒስተኑን ምልልስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያጠናል። ዕድለኛ ከሆነ ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ለማሳያ ተብሎ የተቆረጠ ሞተር ያያል። ለተግባር ልምምድ ወደ ጋራዥ ሲላክ ባለሙያዎቹ «እስቲ ኢንጂነር፣ ያንን ቁልፍ አቀብለኝ» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ግን ፍርድ አለበት። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው እጁ ያውቃል፤ ተማሪው ቀመር ያውቃል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ የሠራ የለም።

ቋንቋቸው እንኳ የተለያየ ነው። መኪና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጋራዡን ቋንቋ በአብዛኛው ያወረሱን ግን ጣሊያኖች ናቸው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ የምንለው ሁሉ ከእነርሱ የመጣ ነው። ተማሪው እነዚህኑ ዕቃዎች በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ መለዋወጫ ልግዛ ሲል ግን ሻጩ አይገባውም። አሁን ደግሞ የመኪናው ስክሪን በቻይንኛ የሚናገርበት ዘመን መጣ።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተወሰነ። ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ተከፈቱ፤ የኢንጂነሪንግ ክፍሎች ተፈለፈሉ። ቁጥሩ ተሟላ። ይሁን እንጂ ለኢንጂነሩ የሚሆነው ፋብሪካ አብሮ አልተከፈተም፤ ቤተ ሙከራውም በተማሪው ልክ አልተገነባም። ከዚያ በኋላ ተመራቂው ኮብልስቶን እንዲያነጥፍ ሲመከር የሰማነው ሁሉ የዚያ ስሌት ውጤት ነው።

«ፋብሪካማ ነበረ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ነበረ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አምቼ የጣሊያን የጭነት መኪኖችን ሲገጣጥም ኖሯል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሆላንድ ካር መጥቶ «አባይ» የሚል ስም የወጣላት የቤት መኪና አስነዳን፤ ዕድሜው ግን አሥር ዓመት አልሞላም። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው ሜቴክ በቢሾፍቱ አውቶቡሶችን ሲያወጣ «በራሳችን ልጆች» ተብሎ ተዘምሮለት ነበር፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የድርጅቱ የበላይ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ መዝሙሩ ተቋረጠ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ማራቶን ሞተርስ የገጣጠማት የሃዩንዳይ የኤሌክትሪክ መኪና በጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ታየች። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ንድፉ የተሠራው ሌላ አገር ነው፤ እኛ ዘንድ የመጣው ብሎን ማጥበቁ ነው። ብሎን ለማጥበቅ ደግሞ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ አያስፈልግም።

ታዲያ አውቶሞቲቭ ኢንጂነሪንግ ለኢትዮጵያ ምን ያደርግላታል? ትምህርቱ ይዘጋ? በፍጹም! ይህ ሙያ የሚያስፈልገን የራሳችንን መኪና ስለምንሠራ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ለሌላ መሬት የሠሩትን መኪና በዚህ መሬት ላይ ስለምንነዳ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። አየር ሳቢ ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ይህ አይነካውም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድም እናስብ። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጭነት የተሸከመ መኪና ፍሬኑን ብቻ ታምኖ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ አይዝም። የኤሌክትሪክ መኪና በቁልቁለት ጊዜ ሞተሩን ወደ ጄነሬተርነት ለውጦ ባትሪውን እየሞላ ራሱን መያዝ ይችላል። ነገር ግን ደጋው ላይ ባትሪው ሞልቶ ከተነሣ የሚመነጨው ኃይል መግቢያ አያገኝም። ሹፌሩ ይህን ማወቅ አለበት፤ ለሹፌሩ የሚነግረው ኢንጂነርም ያስፈልጋል። ለአውሮፓ ሜዳ የተጻፈ የመማሪያ መጽሐፍ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት አስልቶ አይሰጠንም። ይህ የኛ የቤት ሥራ ነው።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ወደ አገር የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100 ሺሕ ማለፋቸውን ተናግሯል። ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ ናቸው፤ የቶዮታና የቮልስዋገን ስም የያዙት ሳይቀሩ። በነጋዴ በኩል የገባ መኪና የአምራቹ ዋስትና የሌለው ሊሆን ይችላል። ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል፤ ያልሠለጠነ እጅ ከነካው ይገድላል። ግጭት የደረሰበት ባትሪ ከቀናት በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ሲያፈስ ባትሪው ስንት ዓመት እንደቀረው የሚነግረው ማነው? ለዓመታዊው ቦሎ ምርመራ የቀረበውን መኪና የጭስ መለኪያ ይዞ የሚጠብቅ ተቆጣጣሪ ጭስ የሌለውን መኪና በምን ይመዝነዋል?

«የኤሌክትሪክ መኪና ብዙ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ አይበላሽም፤ ኢንጂነርም አያሻውም» የሚል ክርክር ይሰማል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ቴስታታም፣ ፍሪሲዮንም፣ የዘይት ለውጥም የለም። ሲበላሽ ግን መዶሻና ቁልፍ አያድነውም። የተበላሸው ሶፍትዌር፣ ኢንቨርተር ወይም ከብዙ መቶ የባትሪ ሕዋሳት አንዱ ነው። የመመርመሪያው ፕሮግራም በአምራቹ እጅ ከተቆለፈ፣ ባለሙያም ከሌለን፣ አንዲት ትንሽ ብልሽት ሙሉ ባትሪ ታስለውጠናለች። በነዳጅ ያዳንነውን ምንዛሪ በባትሪ መልሰን እንከፍላለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የሚታይ፣ የሚፈታና የሚገጠም የኤሌክትሪክ መኪና የሌለው የትምህርት ክፍል አዲስ ተማሪ አይቀበል። ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ በጉምሩክ ተወርሰው ፀሐይና ዝናብ ከሚፈራረቅባቸው መኪኖች ጥቂቱ ለዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ። ሁለተኛ፣ አስመጪና ገጣጣሚ ፈቃድ ሲወስድ የጥገና መመሪያውንና የመመርመሪያ ፕሮግራሙን ለዩኒቨርሲቲዎች የማቅረብ፣ ተማሪዎችንም ለልምምድ የመቀበል ግዴታ ይግባ። ሦስተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ላይ መልስ መምረጥ ብቻ አይሁን፤ አንዲት ብሎን ሳይፈታ የሚመረቅ የመኪና ኢንጂነር ሊኖር አይገባም። አራተኛ፣ ዲግሪ የሌለው ግን ሠላሳ ዓመት የሠራ የጋራዥ ባለሙያ በክብርና በደመወዝ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይግባ፤ እርሱ እጁን ያስተምር፣ እርሱም ስለ ኤሌክትሪኩ ከወጣቶቹ ይማር።

ናፍጣውም ቢሆን አይረሳ። ከጅቡቲ ወደብ ጭነታችንን የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች በአብዛኛው የናፍጣ ናቸው፤ ለብዙ ዓመታትም ይኖራሉ። የሚፈለገው አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት ሳይሆን ሁለቱንም የሚያውቅ ትውልድ ማፍራት ነው።

ቀድሞ «የተማሪው ብዛት አላስቻለንም» የሚል ምክንያት ነበረ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የፈተናውን ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ትምህርት ሚኒስቴር ከነገረን ወዲህ፣ ከዚያም በኋላ ቁጥሩ ከፍ ያለው በጥቂቱ በመሆኑ፣ ይህ ምክንያት ጉልበት የለውም። ጥቂት ተማሪ ያለው አገር ቢያንስ ጥቂቶቹን በሚገባ ማስተማር አለበት።

መኪናን በአንድ ደብዳቤ ማገድ ይቻላል። ኢንጂነርን በደብዳቤ መፍጠር ግን አይቻልም፤ አምስት ዓመት፣ ቤተ ሙከራና ልብ ያለው መምህር ይፈልጋል። እገዳው ሲታወጅ መማር የጀመረው ወጣት የሚመረቅበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ያን ቀን የሚጠይቀንን ከወዲሁ እንመልስለት፦ ያስተማራችሁኝን መኪና ከለከላችሁ፤ ያስገባችሁትን መኪና አላስተማራችሁኝም። ታዲያ የምን ኢንጂነር ብላችሁ መረቃችሁኝ?