በመኪና ላይ የተጣደ ድስት

ከአባት ከእናት የወረስነውን ሙያ መለወጥ ማሻሻል ነው ወይስ ማበላሸት? ይህ ጥያቄ በተማሪዎች ማደሪያም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ሳይነሣ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ክርክሩ ግን ብዙውን ጊዜ በልብስና በዘፈን ላይ ስለሚያልቅ፥ ዛሬ ወደ ወጥ ቤት ልወስደው አሰብሁ፤ ያውም አሜሪካን አገር ወደሚገኝ ወደ አንድ ኮሪያዊ ወጥ ቤት። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኮሪያ ለአገራችን ሰው እንግዳ ስም አይደለችም፤ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ዘምተው ደማቸውን አፍስሰውባታል። የአሜሪካ መንግሥት በ1965 የስደተኞችን መግቢያ ሕግ ካላላ ወዲህ ብዙ ኮሪያውያን ወደ ሎስ አንጄለስ ከተማ ፈለሱ። በዚያ «ኮሪያታውን» የሚባል ሠፈር አላቸው፤ ሆኖም ከነዋሪው የሚበዛው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሰው ነው። የምግብ ቤቱ ጌታ ኮሪያዊ ሲሆን፥ በጓዳ ሽንኩርት የሚከትፈው ብዙ ጊዜ ሜክሲኮአዊ ነው። እንዲህ በአንድ ጣራ ሥር ውለው ማታ ሁሉም ወደየማዕዱ ይሄዳል።

ሮይ ቾይ በ1970 በሴኡል ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ ተወሰደ። ወላጆቹ ምግብ ቤት ስለ ነበራቸው የእናቱን ቅመም እያሸተተ አደገ፤ በከተማው መንገድ ደግሞ የሜክሲኮዎችን ታኮ ለመደ። በ1998 ከታወቀ የምግብ ሥራ ኮሌጅ ተመርቆ በትልልቅ ሆቴሎች ሠራ። በ2008 ግን ሥራውን አጥቶ ተቀምጦ ሳለ፥ ማርክ ማንገራ የሚባል ወዳጁ «የኮሪያ ጥብስ በሜክሲኮ ቂጣ ቢጠቀለልስ?» የሚል ሐሳብ አመጣለት። በኅዳር ወር በአንዲት የጭነት መኪና ላይ ምድጃ ጣዱና ስሟን «ኮጊ» አሏት፤ በኮሪያ ቋንቋ ሥጋ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የበሬ ጎድን ሥጋ በአኩሪ አተር ሶስ፥ በስኳር፥ በነጭ ሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት ተዘፍዝፎ ይቆያል፤ ይህ ጋልቢ የሚሉት የኮሪያ ሙያ ነው። ከተጠበሰና ከተከተፈ በኋላ በምጣድ በሞቁ ሁለት ስስ የበቆሎ ቂጣዎች ላይ ይደረጋል፤ ይህ የሜክሲኮ ነው። በላዩ የቀይ ቃሪያ ስልስ፥ ሽንኩርት ከድንብላል ቅጠልና ከሎሚ ጋራ፥ እንዲሁም በቅመም የታሸ ጥቅል ጎመን ይጨመርበታል። ጣፋጩ፥ ጨዋማው፥ ኮምጣጣውና የሚያቃጥለው በአንድ ጉርሻ ይገናኛሉ። ዋጋው 2 ዶላር ያህል ስለ ነበር ተማሪም ሳይሳቀቅ ይገዛው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ገበያ አልነበረም። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ብሎ ነው መሰለኝ፥ ሕዝቡ አልፎ ይሄድ ነበር። እነርሱ ግን ለጭፈራ ቤት ዘበኞች በነጻ አቀመሱ፤ መኪናዋ የምትቆምበትንም ቦታ በትዊተር ያስታውቁ ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ በመቶ የሚቆጠር ሰው በሌሊት ይሰለፍ ነበር። በ2010 «ፉድ ኤንድ ዋይን» የተባለው መጽሔት ቾይን ከዓመቱ ምርጥ አዳዲስ ወጥ ሠሪዎች አንዱ አድርጎ መረጠው።

ከሹመቱ ይልቅ እኔን የማረከኝ ሰልፉ ነው። በ1992 በዚያችው ከተማ በተነሣው ሁከት ብዙ የኮሪያውያን ሱቆች ተዘርፈው ተቃጥለዋል። አንድ ጥቅል ቂጣ ያንን ሁሉ ቂም ይሽራል አልልም፤ ነገር ግን ጎረቤት የጎረቤቱን ምግብ ተሰልፎ ሲጠብቅ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቾይ ሁለት ሙያ ከመቀላቀሉ በፊት ሁለቱንም በእጁ ያውቃቸው ነበር፤ ስለዚህ በላተኛው ጋልቢውንም ታኮውንም ለይቶ ይቀምሳቸዋል። ዶሮ ገንጥሎ፥ ሽንኩርት አቁላልቶ የማያውቅ ሰው ዶሮ ወጥን አሻሽላለሁ ቢለን ግን ማን ይቀበለዋል? እንግዲህ አዲስ ነገር መፍጠር የሚወድ ወጣት አስቀድሞ የእናቱን ድስት ይክፈት፤ ቀጥሎም የጎረቤቱን ይቅመስ። መቀላቀሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።